ጀርባ ውስጥ ስላለው ረጅም ብረት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የምትንከባከቢያቸው አሜሪካዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በልጅነታቸው፣ ጀርባቸው ውስጥ የገባው ብረት ምን እንደሆነ፣ ለምን ወደ ፊት እንደሚያዘነብሉና ብረቱ መውጣት ይኖርበት እንደሆነ ጠይቀሻል። ራጅ ክፍል ስለምሠራ እንዲህ ያለ ጀርባ ያላቸው አረጋውያን ያጋጥሙኛል። ከላይና ከታች በመንጠቆ የተያዘ፣ በላይኛው ጫፉ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ካየሽ የሃሪንግተን ዘንግ ነው።

ፖል ሃሪንግተን የሂውስተን፣ ቴክሳስ ሐኪም ነበሩ። ዘንጉን የሠሩት ፖሊዮ አከርካሪያቸውን ላጣመመባቸው ልጆች ሲሆን ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተሙ። አሠራሩ የመኪና ክሪክ ነው፤ መንጠቆዎቹ አጥንቱን ከላይና ከታች ይይዛሉ፣ ዘንጉ በየጥርሱ እየገፋ ያራርቃቸዋል፣ የተጣመመውም ይቃናል። መጀመሪያ ብረቱን ብቻ ሲያስገቡ ዘንጉ ይሰበር፣ መንጠቆው ይለቅ ነበር። ኋላ ላይ አከርካሪዎቹ እርስ በርስ ተጋጥመው አንድ አጥንት እንዲሆኑ ተደረገ፤ ልጆቹም ለወራት ሙሉ ጄሶ ይለብሱ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ነርቭ አለመጎዳቱን ለማወቅ ታካሚውን በቀዶ ሕክምናው መካከል ቀስቅሰው «እግርህን አንቀሳቅስ» ማለትም ተጀመረ። እኔ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ማዘንበላቸው ከዚሁ ዘንግ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ወገባችን ወደ ውስጥ የሚገባ ተፈጥሯዊ ቅርጽ አለው፤ ቀጥ ያለው ዘንግ ግን ሲገፋ ያንንም ጠፍጣፋ አደረገው። የታችኛው መንጠቆ ዝቅ ብሎ ከገባ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ከዘንጉ በታች ያሉት ዲስኮች (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ትራሶች) በዕድሜ ሲያልቁ ሰውየው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ለመቃናትም ጉልበቱን ያጥፋል። ስለዚህ እባክሽ «ቀና ይበሉ» እያልሽ አትጎትጉቻቸው፤ አይችሉም። ስታገላብጫቸውም ወገባቸውን አትጠምዝዢ፤ ትከሻና ዳሌያቸውን አንድ ላይ አዙሪ።

ብረቱ አጥንቱ ከተጋጠመ በኋላ ሥራውን ጨርሷል፤ እዚያ ስላለ ብቻ አይወጣም። አዲስ ሕመም ከመጣ ወይም ማዘንበሉ በፍጥነት ከባሰ ግን የአከርካሪ ሐኪም ይያቸው፤ የተሰበረ ዘንግ አጥንቱ በደንብ እንዳልተጋጠመ ሊጠቁም ይችላል። ኤምአርአይ ከታዘዘላቸው ስለ ብረቱ ቀድመሽ ንገሪ። የማይዝግ ብረት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ አይከለክልም፤ ውሳኔው ግን የክፍሉ ባለሙያዎች ነው። በዘንጉ ዙሪያ ያለው ምስል ይበላሻል፣ ስለዚህ የድሮ ራጃቸው ካለ ይዘሽ ሂጂ።