ያቺ የላሜራ ታቤላ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ዲዛይነር ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋን አግኝታለች። የሰፈር ባር ነው፤ ማታ ማታ ሙዚቃ አለው። ሎጎውን፣ ቀለሙን፣ ሜኑውን፣ ታቤላውን ሁሉንም እሷ ልትሠራ ነው። «ጋሼ፣ የድሮውን ታቤላ ምን ላድርገው? ባለቤቱ ጣይው ብሎኛል» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «መልሼ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። አልደወልኩም። ይኸው ለእሷም ለእናንተም እጽፋለሁ።

ጊዜው 1992 ነው። ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት አዝማሪ ቤት ነበረች። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር እንደልብ ማምሸት አይቻልም ነበር። ከ1983 በኋላ ግን በዚያ ሰፈር አዝማሪ ቤቱ በዛ። የዚችኛዋ ባለቤት፣ እትዬ ነበር የምላቸው፣ ዕቁብ ደርሷቸው ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቢሮዬ መጡ። «ቤቴን አሳምርልኝ» አሉ። እኔ ኮምፒውተር ከገዛሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተሩ የሚችለውን ሁሉ ማሳየት ነበር ያማረኝ።

በሩ ላይ የላሜራ ታቤላ ነበረች። የሰፈር ሠዓሊ በዘይት ቀለም የሠራት። አንዲት ሴት እስክስታ ትወርዳለች። አዝማሪው አጠገቧ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፏል። የሴትየዋ ዓይኖች ትልልቅ ናቸው፣ ወደ ጎን ያያሉ። ፊደሎቹ ቀይ ናቸው፤ ከኋላቸው ቢጫ ጥላ አላቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ አጥሯቸው ተጣበዋል። ጠርዟ ዝጓል። እኔ ያየሁት ዝገቱን ብቻ ነው።

ሦስት ሜትር ላይት ቦክስ፣ ከውስጡ የሚበራ ታቤላ፣ ሠራሁ። በነጭ ፕላስቲክ ላይ ሰማያዊ ስቲከር። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁ፣ በአማርኛ ከሥሩ በትንሹ። አማርኛውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥጬ ሞላሁት እንጂ በእጄ አልጻፍኩትም። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ክንድ ነው፤ አንዷ መሃል፣ አንዷ ከታች። ፊደል ሲለጠጥ ያቺ ክንድ ከሩቅ ትጠፋለች። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ማሲንቆም ሣልኩ። ሁሉንም በቀን፣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ። አንድ ማታ እንኳ እዚያ ቤት ገብቼ አላመሸሁም።

የተሰቀለ ዕለት ማታ ሄድኩ። ኒዮኑ በራ። ደጃፉ እንደ ፋርማሲ ነጭ ሆነ። ቀስ ብሎ ጎንበስ ብሎ ይገባ የነበረው ደንበኛ ፊቱ ከመንገድ ማዶ ይለያል። ሁለት ሰዎች ደርሰው ቆሙ። «ቤቱ ተሸጠ እንዴ?» ተባብለው ተመለሱ። አዝማሪው ወጣ፣ ቀና ብሎ አየ። ማሲንቆ አንድ ጅማት ነው ያላት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። እኔ ለሥዕሉ እንዲያምር ሁለት መስመር አስምሬበታለሁ። ምንም አልተናገረኝም። አንድ ጣቱን አንስቶ አሳየኝ።

እትዬ ግን ስለ መብራቱም ስለ ማሲንቆውም አላነሱም። «ታቤላዬስ የት አለች?» አሉ። በያጁ ቆራርጦ ለላይት ቦክሱ ጀርባ አድርጓታል። የፈቀድኩለት እኔ ነኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «እኔን ነበር እኮ የሣለኝ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ቀሪ ሂሳቤን ቆጥረው ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

በዓመቱ አንድ ቢራ ፋብሪካ በነጻ ታቤላ ሰቀለላቸው። ቢራው በትልቁ፣ የቤቱ ስም ጥግ ላይ። የእኔ ወረደ። ያኔ ተቀይሜያቸው ነበር።

አሁን ልጆች ሥራ ሲያሳዩኝ ሎጎው ስኒ ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ ቦርሳ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። «ቤቱ ሄደሻል?» ስል «ፎቶ ልከውልኛል» ይሉኛል። ያናድደኛል። እናንተ ከእኔ የተሻለ መሣሪያ አላችሁ፣ ከእኔ የተሻለ ታነባላችሁ። እግራችሁ ግን ሰነፈ። ሂዱ፣ አምሹ፣ ከመንገድ ማዶ ቁሙ። ሰው ቤቱን ምን ብሎ እንደሚጠራው ስሙ፤ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን። ካዛንቺስም እኮ እንደዚያ የመጣ ስም ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ ካዛንቺስ ያደረገው ሰው ነው። ጠላ ቤትንስ እዩ። እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ናት ምልክቱ። ፊደል ያልቆጠረም ያውቃታል።

ደንበኛን ስሙ እላለሁ፣ ሁሌም የምለው ነው። ለዚያች ልጅ ግን «ጣይው» ሲልሽ እንዳትሰሚው ነው የምላት። ፎቶ አንሺው፣ ለኪው፣ ቀለሙን መዝግቢ፣ ከዚያ ሠዓሊውን ፈልጊ። አዲሱን ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ሥሪ።

ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ያቺም ቤት አብራ ሄደች። የታቤላዋን ፎቶ ያነሳ ሰው አላገኘሁም። ሰሞኑን ወረቀት ዘርግቼ በትዝታ ልሣላት ሞከርኩ። ቀዮቹ ፊደላት መጡ፣ ቢጫው ጥላም መጣ፣ የተጣበቡት ሁለቱም ፊደላት በየቦታቸው ገቡ። የሴትየዋ ዓይን ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወደ አዝማሪው ነበር የሚያዩት ወይስ ወደ በሩ?