ስለ ዓድዋ ዘመቻ ውሳኔዎች፦ ጠይቁኝ ላልኳችሁ መልስ

ጥያቄው በዝቷል፤ የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ምኒልክ የውጫሌ ውል ላይ ተታለዋል?

አንቀጽ 17 ላይ አዎ። አማርኛው ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ውሉ በ1881 ተፈርሞ በይፋ የፈረሰው በ1885 ዓ.ም. ነው። በመሃል አገሩ ከክፉ ቀን ረሃብ እያገገመ፣ መሣሪያም እየገባ ነበር። ቸኩለው ቢያፈርሱት በምን ይዋጉ ነበር?

መቀሌ ላይ የተከበበውን የጣሊያን ጦር ከነመሣሪያው መልቀቅ ጅልነት አይደለም?

እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ምሽጉን በቀጥታ መውጋት ብዙ ሰው አስጨረሰ፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ሲያዝ ነው ነገሩ ያለቀው። ከዚያ ምኒልክ የተለቀቀውን ጦር አጅበው ወደ ዓድዋ አቅጣጫ ዞሩ። ጣሊያኖች የራሳቸው ሰዎች መሃል ስላሉ የምኒልክን ጦር በጉዞ ላይ ሊመቱት አልደፈሩም። የተለቀቁት ጣሊያኖች የምኒልክ ጦር ቦታ እስኪቀይር ጋሻ ሆኑለት ማለት ነው።

የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ ለምን ከምሽጉ ወጣ?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ምሽጉ ባለበት ሳውሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ የእኛ ሰው ስንቅ ጨርሶ ሊበተን ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ግን የእሱም ስንቅ እያለቀ ነው። ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ጦርነቱን በሳንባ በሽታ እየመነመነ ከሚሄድ ሰው ጋር ያመሳሰለበት ቴሌግራም ደረሰው። ባራቲዬሪ ማፈግፈግን አስቦ ጄኔራሎቹን ሰበሰበ። አራቱም፣ ዳቦርሚዳ፣ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲና ኤሌና፣ ማፈግፈግ አይሆንም አሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ሁለቱ ሞቱ፣ አንዱ ተማረከ፣ አንዱ ቆሰለ። ፈሪ ላለመባል የተወሰነ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካሸነፉ በኋላ ለምን እስከ ምጽዋ አልገፉም?

ብዙዎቻችሁ በቁጭት ነው የጠየቃችሁት፣ ይገባኛል። ግን በዚያ ሳምንት በምኒልክ ቦታ ቁሙና እዩት። ሠራዊቱ ርቦታል፣ ትግራይ ላይ የሚበላ አልተረፈም፣ ቁስለኛው ብዙ ነው፣ ክረምቱም ሩቅ አይደለም። አዲግራት ምሽግ ውስጥ የጣሊያን ጦር አለ፤ ባራቲዬሪን በተካው ጄኔራል ባልዲሴራ ሥር ትኩስ ኃይል ከባሕር እየወረደ ነው። ገፍተው ቢሸነፉ የዓድዋ ድል ራሱ ይበላሽ ነበር። በጣሊያን ሥር የቀረው የኤርትራ ሕዝብ የከፈለው ዋጋ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በወቅቱ በነበራቸው አቅም እኔም መመለስን እመርጥ ነበር።

ምርኮኞቹስ ምን ጠቀሙ?

ለድርድር። በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ሰረዘ፣ ኢጣሊያም ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች፤ ለምርኮኞቹ ቀለብም 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች።