ስትሮክና ዘር፦ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ወር አባቴ ቡና እየጠጡ ሳለ ሲኒው ከእጃቸው ወደቀ፤ አፋቸውም ተጣመመ። ጥቁሮች በስትሮክ ይበልጥ ይጠቃሉ መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮች ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የደም ግፊትና ስኳር ግን ልዩነቱን በከፊል ብቻ ያብራራሉ። በሕክምናውም በኩል፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ሲኖርበት፣ ጥቁር ሕመምተኞች አንዳንዶቹ ዘግይተው በመድረሳቸው፣ ሌሎቹም በሰዓቱ ደርሰው ሳለ፣ ከነጮች ባነሰ መጠን ያገኙታል፤ ይህን በዘር ማመካኘት አያስኬድም። ለአባትዎ አሁን የሚያስፈልገው ማገገሚያ ነው። የንግግር ሕክምናው በእንግሊዝኛ ብቻ ከተሰጠ፣ ቋንቋውን አለማወቃቸው በስትሮኩ ምክንያት ቃል እንደጠፋባቸው ሊቆጠር ስለሚችል፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኝ ሆስፒታል ያለክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት።