ኮምቦልቻ ወይስ ደብረ ብርሃን?

ወንድሜ፣ «መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ነው የምፈልገው፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርሙ ላይ ኮምቦልቻን ላስቀድም ወይስ ደብረ ብርሃንን?» ላልከው፣ እኔ ከሁለቱም አልተማርኩም፤ ስሙን ከማልጠራው ሌላ ግቢ ነው የተመረቅኩት። ግን ሁሉም ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ወጥ ብቻ ሲመልስልህ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኛ ወርክሾፕ ሦስት ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ነበር። የሚሠራው አንዱ ብቻ፣ እሱም መለዋወጫ ሲጠፋ ተቆልፎበት ይከርማል። ስልሳ ልጅ ከብበን አስተማሪው ሲያስነሳው አየን፣ ሪፖርቱን ከሲኒየር ገለበጥን፣ ኤ አገኘን። ኢንተርንሺፕ ወጥቼ የፋብሪካው የጥገና ኃላፊ «ያንን ኩሽኔታ አቀብለኝ» ሲሉኝ ደርቄ ቀረሁ። ለካ ቤሪንግ ነው፣ የሚሽከረከር ዘንግ የሚደገፍበት ቀለበት! ስሌቱን ከነቀመሩ አውቀዋለሁ፣ በእጄ ግን ይዤው አላውቅም። እኚያ ሰውዬ በጥቂት ወራት ያሳዩኝን ግቢ ውስጥ በአራት ዓመት አላየሁትም።

ስለዚህ እኔ የማየው ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ቢራ ፋብሪካ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ደሴ ሳይሆን እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ደብረ ብርሃንም አይታማም፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ፣ የራሱ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለው። ለመካኒካል እኔ ብሆን ለብረቱ ስል ኮምቦልቻን አስቀድማለሁ። ቤተሰብህ አዲስ አበባ ከሆነ ግን ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የኮምቦልቻው አውቶቡስ እሱን አልፎ፣ ጣርማበርን ወርዶ ገና ብዙ ይቀረዋል። መንገድ ሲዘጋ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ደግሞ ፎርሙ ላይ ያስቀደምከው ሁሉ ይደርስሃል ማለት አይደለም፣ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከገባህም በኋላ መካኒካል የምትገባው በፍሬሽ፣ ማለትም በመጀመሪያ ዓመት፣ ውጤትህ ነው፣ እና «ፍሬሽ ቀላል ነው» የሚልህን አትስማ።

ከመሙላትህ በፊት ከሁለቱም ግቢ አራተኛ ዓመት መካኒካል ልጅ ፈልግ። «ቶርኖውን በእጅህ አስነስተኸዋል?» በለው። ከዚያ ባለፈው ዓመት ከዲፓርትመንቱ ስንቱ የመውጫ ፈተናውን እንዳለፈ ጠይቀው፤ ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስለ ካፌው ሳትጠይቀው ራሱ ይነግርሃል።

ደብረ ብርሃን ከወጣልህ ብርድ ልብስ ከቤት አትሸከም፣ እዚያው ትገዛለህ።