ሃንጋሪዎች የአቲላ ዘሮች ናቸው?

ጥያቄ፦ ሃንጋሪዎች የሁኖቹ ንጉሥ የአቲላ ዘሮች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ቋንቋቸው ግን የፊንላንድኛ ዘመድ ነው ይላሉ። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚያው ሃንጋሪ ውስጥም እስከ ዛሬ ያከራክራል። መጀመሪያ ዓመቶቹን እንይ። ከምሥራቅ መጥተው አውሮፓን የወረሩት ዘላኖች የሁኖቹ ንጉሥ አቲላ የሞተው እ.ኤ.አ. በ453 ነው። ማጅያሮች (ሃንጋሪዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው) በአርፓድ መሪነት ዛሬ ወዳሉበት አገር የገቡት ደግሞ በ895 አካባቢ። በመሃሉ ከ400 ዓመት በላይ አለ። ቋንቋው ላይ ብዙም ክርክር የለም፤ የቅርብ ዘመዶቹ ምዕራብ ሳይቤሪያ ውስጥ የሚነገሩት ማንሲና ኻንቲ ናቸው። ፊንላንድኛ ራቅ ያለ ዘመድ ነው።

የሚገርመው ከጥንት መቃብሮች የወጣው አጥንት ነው። በ2022 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት እንዳሳየው፣ የመጀመሪያዎቹ ማጅያር ባላባቶች ዘር ከማንሲዎች ቅድመ አያቶች ጋር ይገናኛል፣ በኋላም ከሳርማቶች (የጥንት የሣር ሜዳ ዘላኖች) እና ከሁኖች ጋር ተቀላቅሏል። ስለዚህ የሁን ደም አለብን የሚሉት ዝም ብሎ ተረት አይደለም። ግን ከሁኖች ጋር መቀላቀል አንድ ነገር ነው፣ የአቲላ የልጅ ልጅ መሆን ሌላ። የአቲላ መቃብር እኮ እስካሁን አልተገኘም! ከእሱ ጋር በዲኤንኤ ተመሳከረ የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

የዛሬዎቹ ሃንጋሪዎች በዘረመል ከጎረቤቶቻቸው ብዙም አይለዩም። እኔን ከሁሉ የሚመስጠኝ ይሄ ነው፤ መጤዎቹ ቀድሞ ከነበረው ብዙ ሕዝብ ጋር ተጋብተው ተዋልደው ደማቸው ሲቀጥን፣ ቋንቋቸው ግን የሁሉም አፍ መፍቻ ሆኖ ቀረ።