መጀመሪያ እግራችሁ ይድረቅ

ሰላም ልጆች። በተለይ እናንተ ዘንድሮ ሚኒሶታ ገብታችሁ ኤርፖርት ሻንጣ መጫን፣ በረዶ መጥረግ ወይም ዕቃ ማድረስ የጀመራችሁ። እኔ አውሮፕላን ሥር ቆሜ ያረጀሁ፣ ጡረታ የደረሰብኝ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ደመወዝና ስለ ኦቨርታይም የሚመክራችሁ ሞልቷል። እኔ የምመክራችሁ ስለ ካልሲ ነው።

አዲስ የገባ ልጅ ሲበርደው ሦስት የጥጥ ካልሲ ይደራርብና እግሩን ጫማው ውስጥ ይጠቀጥቃል። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ይደነዝዛል። ጫማው ሲጠብ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፤ ለእግር ሙቀት የሚያደርሰው ደግሞ ደም ነው። ጥጡም ላቡን ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በላቀ ፍጥነት ያሻግራል። ስለዚህ በረዶ ባትረግጡም የገዛ ላባችሁ ያበርዳችኋል።

አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ጫማ ስትገዙ እሱኑ ካልሲ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ጣታችሁ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ መልሱት። ከውስጥ የሚወጣ ሽፋን ካለው ማታ ማታ አውጡና ለብቻው ይድረቅ። የቆዳ ጫማ ማሞቂያ ላይ አትጣዱ፣ ይሰነጠቃል። ወረቀት ጎስጉሱበት። (ዛሬ ጋዜጣ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ የፖስታ ሳጥናችሁ በማስታወቂያ ወረቀት ተጨናንቋል።)

ብርዱ የሚይዛችሁ ሻንጣ ስትወረውሩ አይደለም። ያኔማ ያልባችኋል። አውሮፕላኑ ሄዶ ቀጣዩን ቆማችሁ ስትጠብቁ ነው ጉዱ። ትርፍ ካልሲ በፌስታል ያዙና ምሳ ሰዓት ላይ ቀይሩ። እኔ ስቀይር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ።

ለእጅም ያው ነው፤ ሁለት ጥንድ ጓንት ያዙ፣ አንዱ መርጠቡ አይቀርም። አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት ጣት ከተለያየለት ይበልጥ ይሞቃል። ችግሩ የሻንጣ ወረቀት ለመላጥ አይመችም። ስለዚህ ከሥሩ ስስ ጓንት አድርጉ፤ ላዩን አውልቃችሁ ወረቀቱን ላጡና ቶሎ መልሱት። በባዶ እጅ ብረት አትንኩ። ነዳጅ የሚነካካ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ነዳጅ እንደ ውሃ ቶሎ አይረጋም፤ የአየሩን ያህል ቀዝቅዞ ነው እጃችሁ ላይ የሚፈሰው። ጓንትና ጫማ ውስጥ የሚከተቱት፣ በራሳቸው የሚሞቁት ትንንሽ ከረጢቶች ጥሩ ናቸው፣ ግን የሚሠሩት በአየር ነው። ጥብቅ ጫማ ውስጥ ከታፈኑ ይበርዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው። በፋራናይት 0 ዲግሪ ላይ ነፋሱ በሰዓት 15 ማይል ከነፈሰ፣ የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊጎዳ ይችላል። ኤርፖርት ደግሞ ሜዳ ነው፣ መከለያ የለውም። የአሜሪካ ጦር የራሱን ወታደሮች አጥንቶ፣ ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ በብርድ እንደሚጎዱ አግኝቷል። ማስጠንቀቂያው ላይ «ቆዳው ይቀላል፣ ይነጣል» የሚለውም በኛ መልክ ላይ ቶሎ አይታይም። አመድ መስሎ ከገረጣ፣ ከደረቀና ስትነኩት ካልተሰማችሁ ያ ነው። ሕመሙ ድንገት ሲጠፋ «ተላመድኩት» የሚል ልጅ አለ። መላመድ አይደለም፣ መደንዘዝ ነው። ስኳር ያለበት ሰውማ ጭራሹን ላይሰማው ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ወደ ቤት ውስጥ ግቡ። አትሹት፣ በበረዶ ደግሞ በጭራሽ። ማሞቂያ ላይም አትደግኑት፤ የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አያውቅም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ሐኪም ይየው። ተመልሳችሁ ብርድ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን አታቅልጡት፤ ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ጉዳቱ ይብሳል።

ሲጋራም ያሞቃል የሚላችሁን አትስሙ። የደም ሥር ያጠባል።

የኛ ልጅ ትልቁ በሽታ ይሉኝታ ነው። አለቃውን «በረደኝ፣ ልግባ» ማለት ያፍራል። እዚህ አገር የተወለደው ልጅ ያለምንም ሐፍረት ገብቶ ቡናውን ይጠጣል፣ ማንም ምንም አይለውም። እናንተም ግቡ።

ጫማ ደግሞ ከቻላችሁ ማርች ላይ ግዙ። ሱቆቹ የዊንተሩን ዕቃ ማራገፍ ይጀምራሉ፤ ኖቬምበር ላይ ኪስ የሚያራቁተውን ቡት ያኔ በቅናሽ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩን በወፍራሙ ካልሲ ለኩ።