የደበዘዘ ፊርማ በእስክሪብቶ ይደመቃል ወይ ላልከው

እንዳትነካው! ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ለአጎትህ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፎቶው ላይ ያኖረውን ፊርማ በእስክሪብቶ ከደገምክበት፣ ከዚያ በኋላ የኃይሌ እጅ መሆኑ ያበቃል። ገዢ በማጉያ መነጽር ሲያየው ሁለት ቀለም ተደራርቦ ያገኛል። ያኔ የፎቶው ዋጋ ምንም ካልተፈረመበት በታች ሊወርድ ይችላል። የደበዘዘ እውነተኛ ፊርማ ግን አሁንም ዋጋ አለው።

ከፊርማው ጋር ያለው «ለአቶ እገሌ» የሚለው ጽሑፍስ? ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሰብሳቢ የሌላ ሰው ስም ያለበትን አይመርጥም። ላንተ ግን ማስረጃም ነው። ስለዚህ አጎትህ የት፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደተፈረመላቸው ዛሬውኑ በእጃቸው ይጻፉልህ። አብረው የተነሱት ፎቶ ካለ እሱንም አያይዘው። ማስረጃ የሌለውን ፊርማ ደፍሮ የሚገዛ የለም።

ዋጋው ሰማይ ይነካል ብለህ ግን አትጠብቅ። ኃይሌ እግዜር ዕድሜ ይስጠውና በሕይወት አለ፣ ለብዙ ሰውም ፈርሟል። የአበበ ቢቂላ ቢሆን ሌላ ነበር። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ በ1966 ዓ.ም. አርፏል፤ ከእንግዲህ አዲስ ፊርማ አይመጣም። አስመሳዮች የሚበዙትም እንዲህ ባለው ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ ላሚኔት አታስደርገው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጎረቤቴ የተፈረመበት ፎቶ «እንዳይበላሽ» ብሎ አስደርጎ፣ ሙቀቱ ቀለሙን አፈሰሰው። ፕላስቲኩን ሊልጥ ሲሞክር ደግሞ የፎቶው ፊት አብሮ ተነሳ። አንተ ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ ጭስ አርቀህ፣ ደረቅ ቦታ ላይ በፖስታ ውስጥ አስቀምጠው።